ለድጋፍ ደብዳቤ የተላኩ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3፣ ጧት

ልጄ ተስፋዬ በደለኝ። ስሜን ሰረቀ። ሳልልክ «አባቴ ነው የላካቸው» ብሎ ራስ ዲካ ሰፈር ወዳለ አንድ ትልቅ ዶክተር ቤት ሽማግሌ ሰደደ። በዚህ ዕድሜዬ! ለራሴ ሥራ እንኳ የሰው ደጅ ጠንቼ አላውቅም።

ነገሩ ይህ ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። አዲስ አበባ ያለው የሕክምና ት/ቤት ውጤቷን ወዶ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አላት። አንዱን የባዮሎጂ መምህሯ ጻፈች። ሁለተኛውን ከዶ/ሩ ካልሆነ ብሎ ተስፋዬ ሙጭጭ አለ። የሰውየው ቃል እዚያ ይሰማል አሉ። ሜሮንን ግን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

ምሳ አልበላሁም። እልህ ነው። ዓሣ ነበር፣ ይቆጨኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ተቆጥቻለሁ፤ ሳቄ ግን ያመልጠኛል። ከተላኩት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ጎረቤቴ ገብሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሽምግልና የሄደው ለጋብቻ ብቻ ነው፤ ሌላ ወግ አያውቅም። ሦስቱም ነጭ ለብሰው ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ዶ/ሩ ለጋብቻ የደረሱ ሴት ልጆች አሉት። ሚስቱን ጠራ። እሷ ልብሷን ቀይራ መጥታ የልጁ ሥራ ምንድን ነው አለች። ገብሬ፣ ወንድ አይደለም፣ ሴት ናት ብሎ መለሰ። ሴትየዋ ወደ ባሏ ዞረች።

እንደምንም ተግባቡ። ደብዳቤው ይጻፋል ተባለ።

እሑድ፣ ሰኔ 8፣ ከቅዳሴ መልስ

ደብዳቤው መጣ። ሜሮን ጮክ ብላ አነበበችልን። አንገቷን የደፋች፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ፣ ከቤት የማትወጣ፣ ድምፅዋ ለጎረቤት የማይሰማ ይላል። ገብሬ ሙሽራ ሲያወድስ የሚለውን ነው ዶ/ሩ ቃል በቃል የጻፈው። ዓይኗን ካላነሣች በሽተኛውን በምን ታየዋለች?

ተስፋዬ፣ ማን ያነበዋል፣ ፊርማው ይበቃል አለ። ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ይህችን ልጅ አላውቃትም። አልልካትም።»

የኔ ደም። ደስ አለኝ። ግን የማመልከቻው ቀን በሐምሌ መባቻ ያበቃል። ፈርቻለሁ። ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ማስታወሻዬ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ሜሮን ብቻዋን ወደ ዶ/ሩ ክሊኒክ ሄደች። እንደ በሽተኛ ወረፋ ያዘች። ምን አመመሽ ሲላት ደብዳቤውን ፊቱ አስቀመጠች። አያውቁኝም፤ ስለማያውቁት ሰው አይጻፉ አለችው። ዶ/ሩ ተቆጣ። ቀጥሎ ሣቀ። እንግዲያው ልወቅሽ፣ ነገ ጧት ለሥራ ነይ አላት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ሙቀቱ አይጣል። መብራት የለም። ሜሮን ዕለት ዕለት ትሄዳለች። ትናንት አንድ የዶራሌ ወደብ ሾፌር ጣቱ በመኪና በር ተቀጥቅጦ መጣ። ሲሰፋ እጁን ይዛ በሶማልኛ እያወራች አሣቀችው አሉ።

ዶ/ሩ የጻፈው አዲሱ ደብዳቤ ዛሬ ተላከ። አጭር ነው። «ስትጠይቅ መልሱ ካልጣማት ደግማ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ እኔን አርማኛለች። ትክክል ነበረች።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10፣ ማታ

ሜሮንን ት/ቤቱ ተቀበላት። ጧት ደወሉላት። ጎረቤቱ በሙሉ እልል አለ፤ ሶማሌዎቹም አፋሮቹም። እኔ ዓይኔን አሸዋ ገባው።

በዚህ መሐል ተስፋዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀኝ። «አባዬ፣ እኔ ሽማግሌ ባልልክ ሜሮን ዶ/ሩን በምን ታገኘው ነበር?»

ሁሉም እኔን አዩ። በሩን ያንኳኳችው ራሷ ናት ልል ነበር። ያን በር ማን አሳያት ቢሉኝስ? ገብሬ ጢሙን እያሻሸ ይስቃል። ተነሥቼ ገባሁ።

ስሜ መሰረቁ አልተሰረዘም። ልጄ ትክክል ነው ብዬም አልጽፍም። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር ከአፌ ቃል አይወጣም። አንተም አትጠይቀኝ።