የአው ጃማ በግ

ወልዴ፣ የቤቴ ጌታ፤

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር አንተ ካለህበት ሕመምም ሐሳብም የለም ይላሉ። እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ ውሸት ይሆናል፤ አንተን ዋሽቼ ያመለጥኩበት ቀን የለም። ከተለየኸን እነሆ ዓመት ሊሞላ ነው። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመትህ ነው። ከዚያ በፊት ልነግርህ የሚገባ ነገር ስላለኝ፣ ልጃችን አልማዝ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ድረስ ጠረጴዛህ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ወንበርህ አሁንም አንድ እግሩ ያነክሳል። ነገ እሠራዋለሁ እንዳልክ ቀረ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ደጃፍ ላይ የተከልከው ዛፍ ጣራውን አልፎ ከሰዓት በኋላ ግቢውን በሙሉ ያጠላል። የምድር ባቡሩ ጥገና ቤት ጡሩምባ ጠዋት ሲጮህ እኔ ሞኟ ዛሬም ተነሥቼ ምሳ ዕቃህን እፈልጋለሁ። ሰማያዊ ቱታህን ለማንም አልሰጠሁም፤ የቅባቱን ሽታ ስንት ዘመን ስነጫነጭበት ኖሬ አሁን ሣጥን ከፍቼ አሸተዋለሁ። አልማዝ ቁመቷ እኔን ደርሷል። አነጋገሯ ግን ያንተ ነው፤ በለስላሳ ቃል ሰው መሄጃ ታሳጣለች።

ያን የፍልሰታ ጾም ታስታውሳለህ? ጣሊያን ወጥቶ ገና እዚህ ሥራ እንደያዝክ ነበር። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ተራራው ላይ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሞላ፤ የእኛን ከዚራንና ማዶ ያለውን መጋላን ለሁለት ቆረጣቸው። ከዚራ ላሉት ግሪኮች ወተት አድርሳ የምትመለስ አንዲት የሱማሌ ሴት ልጇን እንዳዘለች ወንዙ ዳር ቆማ አገኘሃትና ሳትጠይቀኝ ይዘሃት መጣህ። እኔ በማግሥቱ ልቆርብ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቤቴን አጥቤ፣ ነጠላዬን አጥፌ፣ ከሰው ርቄ። አንጀቴ እርር እያለ ሽሮውን በተሰነጠቀው ሣህን አቀረብኩላት። የትኛውን ሣህን እንደምል ታውቃለህ፤ ለዶሮዎቹ ውኃ የማስቀምጥበትን። አንተ የራስህን ሣህን ወደ እሷ ገፋ አደረግህና የተሰነጠቀውን ወደ ራስህ ስበህ በላህ። አልጋችንን ለእሷና ለልጇ ለቀን መሬት ስንተኛ ጀርባዬን ሰጠሁህ። አንተም በዚያ በማላገጫ ድምፅህ፣ "ጻድቋ፣ ነገ የምትቀበዪው ጌታ ዛሬ ደጅሽ ላይ ቆሞ ቢሆንስ?" አልከኝ። የተኛሁ መሰልኩ።

ኸድጃን ያወቅናት እንዲህ ነው። ውኃው እንደጎደለ ባሏ አው ጃማ፣ አው የሚባለው ለትልቅ ሰው ነውና፣ መጋላ ካለችው ሱቁ ስኳርና ሻሂ ቅጠል ይዞ ሊያመሰግን መጣ። ከዚያ ወዲያ ወንድምህ ሆነ። ለፋሲካ ልትጋብዛቸው ብትፈልግ እነሱ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉ፣ እኛ የእስላም አንበላ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይተወው ነበር። አንተ ግን በግ በቁሙ ለአው ጃማ ሰጥተህ በእጁ እንዲያርደው አደረግህ፤ ኸድጃ በእኛ ጓሮ እንድትሠራበት ትልቅ ድስት ገዝተህ፣ የእኛ ሥጋ እንዳይነካው ጓዳው በር ላይ በምስማር ሰቀልከው። ያ ድስት ምን ያህል ዓመት እንደኖረ አንተው ታውቃለህ። እነሱም ለአረፋ በግ በቁሙ ይልኩልን ነበር። እኔ ድስቱን "የወልዴ ጣጣ" እለው ነበር።

ሰው ሁሉ መንፈሳዊ የሚለው እኔን ነበር፤ ጿሚዋ እኔ፣ ቅዳሴ የማያመልጠኝ እኔ። አንተን ፈረቃ እየያዘህ እሑድ እንኳ ስትቀር በጎረቤት ፊት አፍርብህ ነበር። ማታ ማታ ከራት በኋላ ወንጌል ታነብልንና መጽሐፉን ስትዘጋ፣ "ይህን ነገ ለማን እናደርገዋለን?" ትል ነበር። እኔ ስግደቴን ስቆጥር አንተ ሰው ትፈልግ ነበር። ይህን ዛሬ ነው ያየሁት።

በታመምክበት በዚያ ወበቅ አው ጃማ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጀርባው ላይ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ የደቻቱን አሸዋ አቋርጦ በየቀኑ ያመጣልህ ነበር። ግንባርህ ላይ ስናደርገው ዓይንህን ትከፍታለህ። ያረፍክ ዕለትም ከሰዎቹ ጋር ሆኖ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸከመህ፤ ቀብሩ እስኪያልቅም ከበሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመ።

አሁን ወደ አርባህ ልምጣ።

ለተዝካርህ ወይፈን ተገዛ። አው ጃማ ደግሞ እንደ ልማዱ ገበያ ወርዶ እነሱ የሚበሉትን በግ ራሱ መርጦ አመጣልኝ፤ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ። ለብቻው አሰረው። በነጋታው ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ዘውዴ ዘመዶቼን ይዞ ከቡልጋ ገባ። ጋሽ ዘውዴን ታውቀዋለህ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገር ግን እሱ ፊት ስቆም ዛሬም የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ቆላ ወርጄ ሃይማኖቴን እንዳላቀለልኩ ሊያይ የመጣ መሰለኝ። ካህናቱም አክስቶቼም ባሉበት ጓሮ ቆሞ፣ "ይህ ለብቻው የታሰረው በግ የማነው?" አለኝ።

የአው ጃማ ነው ማለት ነበረብኝ። ይህችን ለመናገር ምን ጉልበት ይጠይቃል? እኔ ግን፣ "የእኛው ነው፤ ይታረድ" አልኩ።

በስመ አብ ተብሎ ታረደ። ድስት ሲያንስ አክስቴ ያንተን ድስት ከምስማሩ አወረደችና የወይፈኑን ሥጋ ጨመረችበት። አየሁ። ዝም አልኩ። እነ አው ጃማ ሲደርሱ ኸድጃ እንደ ዱሮው ልትሠራ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ መጣች። ሮጬ በሩ ላይ ያዝኳትና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በጉ ታሞ ሞተብን አልኳት። እሷም አላህ ይተካላችሁ ብላ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ ተመለሰች። ድንኳኑ ውስጥ ሥጋው ሲዞር አው ጃማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቤት በልተን ነው የመጣነው አለ። ባንተ ተዝካር ላይ፣ ወልዴ፣ በረዶ ተሸክሞልህ የኖረው ሰው ውኃ ጠጥቶ ሄደ። ያውም ድንኳኑን አፍርሶ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ካስቀመጠ በኋላ።

ማታ ዘመዶቼ እንደኔ ያለች አማኝ ሴት የለችም እያሉ አመሰገኑኝ። አጎንብሼ ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ መጋላ አልሄድኩም። ስኳር ከግሪኩ ሱቅ በውድ እገዛለሁ። አንድ ቀን ኸድጃ ከዚራ ውስጥ ከዛፎቹ ሥር ስትመጣ አየኋትና መንገድ ተሻገርኩ። አይታኛለች። ድስቱን በአመድ ፈትጌ ፈትጌ ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቅዬው ነበር፤ በጓዳው በር ባለፍኩ ቁጥር ግን ፊቴን አዞራለሁ። ሐዘንህ ያስለቅሰኛል፤ ይኼኛው ግን ማልቀስ እንኳ ነሣኝ። እንዴት ብዬ ላልቅስ? ለማን?

ያናወጠችኝ ልጅህ ናት። በዐቢይ ጾም መግቢያ ወንጌልህን ከመደርደሪያው አውርዳ ከራት በኋላ ማንበብ ጀመረች። መጽሐፉን ዘጋችና ልክ እንዳንተ፣ ይህን ነገ ለማን እናደርገዋለን አለች። መሽቷል ተኚ አልኳት። በነጋታውም ጠየቀች፤ አሁንም ተኚ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ራሷ መለሰችው። ለኸድጃ ቢሆንስ አለችኝ፤ ለምን እንደቀረች ታውቂያለሽ ወይ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ተነሥቼ ሣህን ላጥብ ሄድኩ። የታጠበ ሣህን ነበር ያጠብኩት።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ዘዴ ዘየድኩ። ድስቱን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሑድ መጥታችሁ ሥሩበት እላለሁ፣ በግ እገዛለሁ፣ ያለፈው አለፈ። ድስቱ ምን እንደተሠራበት ማን ያውቃል? ንጹሕ ነው፣ ያበራል። ትናንት ጠዋት ተሸክሜው የደቻቱን አሸዋ ተሻገርኩ። ኸድጃ ደጇ ላይ እንዳየችኝ ነጠቀችኝና፣ "የወልዴ ድስት" ብላ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። አው ጃማም ከሱቁ ወጥቶ ስላንተ ደኅና ደኅናውን እያነሣ በርጩማ ሰጠኝ። ወተት የበዛበት ሻሂ አመጡልኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ዝም ብል ኖሮ አልቆ ነበር። ነገር ግን ሻሂውን ያመጣችልኝ በደኅናው ፊንጃሏ ነው፤ አበባ ባለበት፣ ለእንግዳ በምታወጣው። ያ የዶሮ ሣህን መጣብኝ። እነዚህን ሰዎች በሃይማኖታቸው እርም የሆነ ሥጋ በተሠራበት ድስት፣ ሳልነግራቸው፣ ያንተን ስም ጠርቼ ላበላቸው ነው። አንተ ይህን ስታይ ታየኝ። በልቤ እግዚአብሔር ሆይ አፌን ክፈትልኝ አልኩ፤ በሕይወቴ ከልቤ የጸለይኩት ጸሎት ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጉ አልሞተም፣ በእኛው ተባርኮ ታረደ፣ በድስቱም የእኛ ሥጋ ተሠርቶበታል አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኸድጃ ድስቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። "አቦ የአልማዝ እናት፣ እናውቃለን" አለች። "ያን ቀን ስንገባ ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቦቃውን የመረጠልሽ ጃማ አይደለም እንዴ? እስክትነግሪን ነው የጠበቅነው።"

አስበው እስቲ ወልዴ። እኔ በጉ ታሞ ሞተ እያልኩ ስምል ቆዳው ከኋላዬ አጥሩ ላይ ይደርቅ ነበር። አላህ ይተካላችሁ ስትለኝም ታውቅ ነበር። አውቃ ነው ትከሻዬን የዳበሰችኝ። ዓመቱን በሙሉ እኔ እነሱን ስሸሽ እነሱ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ቅድስና እኔ ዘንድ እንዳለ ሲነገረኝ ኖሮ፣ ትዕግሥትን ከመጋላ በር ላይ ተማርኩ። ያኔ እንባዬ መጣ፤ በቀብርህ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ሌላ አዲስ ድስት ልግዛ ብል አው ጃማ እምቢ አለ። ወልዴ የሰቀለው ይኼ ነው፣ አሸዋና ውኃ ይበቃዋል አለ። ከኸድጃ ጋር ጓሮ ቁጭ ብለን አጠብነው፤ እሷ ውስጡን፣ እኔ ውጭውን። ችላ ስል እጄን መታ ታደርገኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አው ጃማ በጉን አመጣልን። ጥቁር ነው፣ ጆሮው የተቆረጠ። ጓሮ ልሰረው ሲል ደጃፍ ላይ እሰርልኝ አልኩት፤ ያንተ ዛፍ ሥር፣ የሚገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ። ጋሽ ዘውዴ ነገ በባቡር ይገባል። እንደገባ መጠየቁ አይቀርም።

ደፋር ሆኛለሁ ብዬ አልመካብህም። የወንድሜን ፊት ከአሁኑ አያለሁ። ጻድቋ የምትለው ቀልድህም ከእንግዲህ ይብቃኝ። በሕይወት እስካለሁ ግን ወንጌልህ ከተዘጋ በኋላ ያ ጥያቄ በቤታችን ይጠየቃል፤ አልማዝ ብትረሳ እኔ እጠይቃለሁ። ድስቱም ምስማሩ ላይ ይኖራል። አንተን ማስታወስ ማለት ለእኔ ከእንግዲህ ይኼ ነው፤ ጧፍ ማብራቱ እንደሆነ ዱሮም አልቸገረኝም።

ካህናቱም አክስቶቼም ቆመው ጋሽ ዘውዴ ይህ በግ የማነው ሲለኝ፣ የአው ጃማ ነው እላለሁ።

ሚስትህ በላይነሽ