እማዬ ሳሎኗን የለቀቀች ቀን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለራጉኤል ከተማ፤

እንዴት ሰንብተህልኛል? ከመሰላል ስትወርድ የታጠፈው ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ እያቃሰትክ ነው የምትነሣው? ባለቤትህ ሔርሜላ ደህና ናት? ትንሹ መድኃኔስ ጥርስ ማብቀሉን ጨረሰ? ያ የስቶክሆልም ብርድ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ ደህና ነን ስልህ ደግሞ እውነቴን ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩህ ወደ ታች ስታነብ ይገባሃል።

የስልክ ወሬያችንን ታውቀዋለህ። እማዬ ከጎኔ ቁጭ ብላ ንገሪው፣ አትንገሪው እያለች በክርኗ ትጎሽመኛለች። ልጄ ሜላት ስልኩን ትቀማኛለች። ኔትወርኩም ልክ ቁም ነገር ስጀምር ጥርግ ይላል። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ጊዜ ነው እንግዲህ ሁሉንም ቁጭ ብዬ ልጻፍለት ያልኩት።

መጀመሪያ ይቅር በለኝ። ከጥቅምት ጀምሮ አባባስ ባልከኝ ቁጥር ትንሽ ደከም ብሏቸው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው፣ ተኝተው ነው ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነበር። ተኝተው ነው ያልኩህ እንኳ ግማሽ እውነት ነው፤ ተኝተው ነበር፣ ግን አልነሣም ብለው ነው። አርባ አንድ ዓመት ልብስ የሰፉበትን ሱቅ፣ ሕንፃው ሊታደስ ነው ተብሎ ካስረከቡ በኋላ ሰውዬው አለቁ። የእግር መኪናቸውና ያ ረጅሙ ባንኮኒ ሰርቪስ ቤት ላስቲክ ለብሰው ተቀመጡ፤ እሳቸው ደግሞ ብርድ ልብስ ለብሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ምግብ ስንሰጣቸው ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ በቃኝ። ሦስት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስጃቸዋለሁ። ልባቸው ደህና፣ ኩላሊታቸው ደህና፣ ስኳራቸው ከእኔ የተሻለ! ሐኪሟ አባት፣ ምንም የለብዎትም ስትላቸው እኔም ምንም የለኝም ነው የምለው ብለው መለሱላት። ምን መድኃኒት ትዘዝ?

ገና ሲያልፍ ጠሩኝና ከትራሳቸው ሥር አንድ ፎቶ አወጡ። አንተ የተመረቅክ ቀን በግራጫው ሙሉ ልብስ የተነሡት ነው። አሳድገሽ በፍሬም አሠሪልኝ፣ በኋላ በጥድፊያ መጥፎ ፎቶ እንዳታወጡብኝ አሉኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? አሠራሁት። ከፎቶ ቤቱ እስከ ቤታችን ድረስ ፍሬሙን ደረቴ ላይ ለጥፌ እያለቀስኩ መጣሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ነፍስ ይማር ይለኝ ነበር። እማዬ ሳሎኑን ልትጠርግ ስትከፍት ጠብቄ ከቡፌው ጀርባ ሸሸግኩት። ለእማዬም አልነገርኳትም። ራጉ፣ አባታችንን ልናጣቸው ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

የክፍል ፎቶዎችህን መላክ የጀመርከው ያን ሰሞን ነው። አባባ እንዲመቻቸው ቤቱን ልናስተካክል ነው ብዬህ የለ? አንተም የፈረንጅ ቤት ስታድስ ስለምትውል አዥጎደጎድክብን። የማንበቢያ ክፍል፣ የስፖርት ክፍል፣ ልብስ ብቻ የሚታጠብበት ክፍል፣ ኧረ ጉድ ነው፣ ለውሻ የተሠራ ክፍል! እማዬ የውሻውን ክፍል አይታ ከእኔ መኝታ ቤት ይሰፋል እኮ አለችና ቀኑን ሙሉ ስታኮርፍህ ዋለች። ሜላት የማንበቢያውን አይታ ምራቋን ዋጠች። እኔ ልቤ የገባው ግን አንዱ ነው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር አልጋ፣ ከጎኑ ለስላሳ ወንበርና አበባ። ለአባባ ማረፊያ ይሆናል ብለህ የጻፍክበት። ከዚያ ከጨለማው መኝታ ቤት ወጥተው መንገዱን እያዩ ቢተኙ ትንሽ ይሻላቸው ይሆናል አልኩ። በእኛ ቤት ደግሞ ፀሐይ የሚገባው የት ነው? ሳሎን!

የእማዬን ሳሎን መቼም አልረሳኸውም። ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ ያልተነሣለት፣ እኔና አንተ በቁልፍ ቀዳዳ እያየን ያደግንበት፣ ለእንግዳ ተብሎ የተቆለፈ፣ እንግዳውም በዓመት ሁለቴ መጥቶ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሚሄድበት ቤት። እሱን ልቀቂ ማለት ጥርስሽን አውልቂ ከማለት ይብሳል። ሁለት ሳምንት ለመንኳት። መጨረሻ ላይ ለባሌ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው ብላ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥረን ሶፋውን፣ ቡፌውን፣ ወንበሩን፣ ምንጣፉን አንድ በአንድ ግቢ አወጣን። እማዬ ሳሎኗ ባዶ ሲሆን አላስቻላትም፤ ደጃፍ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ጀመር። ቡፌው ሲነሣ ሜላት ፍሬሙን አገኘችው። ለምን እንደተሸሸገ በምን ትወቀው? አያቷ ያማረባቸው ፎቶ ነው፣ እንዳይሰበር ብላ አቧራውን ጠርጋ ግቢ ባለው ሶፋ መሀል ላይ አቆመችው። እኔ ውስጥ መጥረጊያ ይዤ ነበር፤ አላየሁም።

አሁን አንተው ከበር ላይ ሆነህ ተመልከት። በእኛ ሰፈር ሰው ሳሎኑን ባዶ አድርጎ ዕቃ ግቢ የሚያወጣው መቼ ነው? ለቅሶ ሲሆን አይደል! አባባ ስድስት ወር ደጅ አልታዩም። ዕቃው ወጥቷል፣ እማዬ ታለቅሳለች፣ የአባባ ትልቅ ፎቶ መሀል ላይ ተቀምጧል። ጎረቤታችን እትዬ ብርኽቲ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ በበሩ ብቅ ይላሉ። ወይኔ ጋሼ ከተማ፣ ሳንሰናበትዎት ብለው አንዴ ሲጮኹ ዳቦው በግቢው ተበተነ። እማዬ ደግሞ ጩኸቱን ስትሰማ ውስጥ አንድ ነገር ተፈጠረ ብላ እሷም ጮኸች! ስወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ደረታቸውን ይመታሉ። ኧረ አልሞቱም ብል ማን ይስማኝ? ከራስ መኮንን ድልድይ ጀምሮ ያለ የሰፈር ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን ተሸክመው ደረሱ። አንዱማ ምሰሶውን የት እንትከለው ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል።

ሳልደብቅህ፣ እኔም ተጠራጠርኩ። ጠዋት ቁርስ ስሰጣቸው ደህና ነበሩ፣ ከዚያ በኋላስ ማን አያቸው? ወደ ክፍላቸው ሮጥኩ። አልጋው ባዶ ነው! ዞር ስል አባባ በፒጃማ፣ በባዶ እግራቸው፣ ከሳሎኑ የውስጥ በር ጀርባ ቆመው የገዛ ለቅሷቸውን ያዳምጣሉ። ልጮህ ስል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ አሉኝ።

ውጭ ጋሽ ሉልሰገድ ፎቶው ፊት ቆመው ያወራሉ። ታውቃቸዋለህ፣ ከአምስት ኪሎ ድረስ የሚመጡት የድሮ ደንበኛ። ለሠርጌ የሰፋልኝ ኮት ይኸውላችሁ፣ ልጄንም የዳርኩት በዚሁ ኮት ነው፣ ሚስቴንም የቀበርኩት በዚሁ ኮት ነው ይላሉ እያለቀሱ። እንግዲህ ይሄ ገበር ሲቀደድ ለማን ልሰጥ ነው ብለው ኮታቸውን ገልጠው ለሰው ሁሉ ያሳያሉ። ይህን ጊዜ አባባ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ገበሩን አዩት። ራጉ፣ ሌላ ሰው ነክቶታል! ጥቁሩን ገበር በነጭ ክር ሰፍቶታል። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ስድስት ወር ሙሉ ያላየሁትን ቁጣ ሳይ ደስታዬን ምን ልበልህ።

ባዶውን ሳሎን አቋርጠው ደጃፍ ላይ ወጡና ማነው ይሄን የሰፋው አሉ።

እትዬ ብርኽቲ በስመ አብ ብለው ሦስቴ አማተቡ። ድንኳን የያዘው ልጅ ምሰሶውን እግሩ ላይ ጣለ። አባባ ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ሄደው ጋሽ ሉልሰገድን በክሳዳቸው ያዟቸውና አውልቀው አሏቸው። ጋሽ ሉልሰገድ አፋቸውን ከፍተው ከተማ፣ አንተ እኮ ሞተሃል ይላሉ። አባባም ሞቼም ቢሆን ይሄንን አላሳልፍም፣ አውልቀው ብለው ኮቱን ገፈፏቸው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ ብነግርህ አታምነኝም። ሲያለቅስ የነበረው ሰው ሁሉ በዚያው እንባው ሳቀ።

አባባ ከገዛ ፎቷቸው ጎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው መቀስ ስጡኝ አሉ። ስድስት ወር ከውኃ በቀር ነገር ስጡኝ ብለው አያውቁም። ላስቲኩ እያንሸራተተ አላስቀምጥ ሲላቸው እማዬ ምን አደረገች መሰለህ? ራሷ በገዛ እጇ ላስቲኩን ከሶፋው ላይ ገሽልጣ ጣለችው። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀችውን! ሶፋው ቀይ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅነው።

ሊቀብሯቸው የመጡት የእድር ጎረምሶች ድንኳኑን ትተው ባንኮኒውንና የእግር መኪናውን ከሰርቪስ ቤት ተሸክመው ሳሎን አስገቡት። አንተ አልጋ ይሁን ያልክበት፣ መስኮቱ ሥር፣ መኪናው ተተከለ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ማረፊያው ቀርቶ መሥሪያ ሆኗል። አትቀየም፤ እኔም ተሳስቻለሁ። አመቻችተን ልናስተኛቸው ስንደክም ሰውዬው መነሻ ነው የሚፈልጉት። ለፋሲካ የሰፈሩ ሰው የሚያስጠብበውን ሱሪ፣ የሚያስረዝመውን ቀሚስ ይዞ ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰልፎ ነበር። የንግድ ፈቃዳቸውንም ሜላት ሄዳ በቤቱ አድራሻ አዛውራላቸዋለች። ያሁኑ ችግራችን ምሳ ብሉ ስንላቸው ቆይ ይቺን ልጨርስ ማለታቸው ነው።

ሌላም የምነግርህ አለ፤ ክፍልህን ወስደንብሃል። ሜላት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስለደረሰባት አልጋህን አውጥተን ጠረጴዛ አስገባንላትና የማንበቢያ ክፍል አገኘች። የኳስ ተጫዋቾችህን ፖስተር በካርቶን አድርጌ አስቀምጬልሃለሁ። አንዱ ግን ግድግዳው ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀርቷል፤ እሱ ይጠብቀኝ ብላለች። የእማዬ ሶፋ በረንዳ ላይ ነው። ልብሱን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እዚያ ስለሚቀመጥ ቀኑን ሙሉ እንግዳ አላት። ትናንት አንዱ ሻይ ደፋበት፤ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ ሻይ ቀዳችለት።

ፍሬሙን አባባ ባዶ አድርገው የሥራ ሰዓታቸውን በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ከተቱበት። ፎቶውን ግን ለአንተ ላኪለት፣ እኔ አሁን አያስፈልገኝም ስላሉኝ ከደብዳቤው ጋር ታገኘዋለህ። ጀርባውን ገልብጠህ እይ። የምርቃት ልብስህን ሲሰፉልህ የወሰዱትን ልክ ጽፈውበታል። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት፣ አንዱንም አልረሱም። ከጎኑ ያሁኑ ብለው መስመር አስምረው ሥሩን ባዶ ትተውታል። በስልክ ልኩን ጠይቄ ልንገርዎት ብላቸው ተቆጡኝ። ልክ በስልክ አይወሰድም፣ ይምጣና እጁን ዘርግቶ ፊቴ ይቁም አሉ። ለአንተ ልብስ የተገዛው ግራጫ ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች፤ የውሻውን ክፍል ይቅር ብያለሁ ብላሃለች። ሜላት ለሔርሜላና ለመድኃኔ ብዙ ብዙ ሰላምታ አቅርባለች። እትዬ ብርኽቲ ዳቦዬን ማን ይክፈለኝ ይሉሃል። አባባ ሰላም በይልኝ ብለው ወደ መኪናቸው ዞሩና ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳደረግኩ ነው በይው አሉኝ።

እህትህ እንቁ ከተማ

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ አራዳ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.