አባባን ከመጠለያው ያስወጣው ማን ነው?

ለውድ እህቴ ለእትዬ ኔኒታ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ሻል አለው? እዚያ ሆንግ ኮንግ የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ ቁጣቸው በረደላቸው? እኛ ይኸው በሕይወት አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። አባባም ከአንዲት የተሰበረች ጣት በቀር ደህና ነው።

ባለፈው በስልክ «አባባን ከመጠለያው ማን ነው ያስወጣው?» ብለሽ ስትጮኺብኝ መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር። ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

አውሎ ነፋሱ የመጣ ዕለት ኮረብታው ላይ የአየር ጠባይ ራዳር ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አባባ ከሰፈሩ ሰው ጋር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተጠልሏል። ረፋድ ላይ ደወለና «ፖንሶ፣ ዶሮዬ እኮ ቤት ቀረ! ነገሩ እንዴት ነው?» አለኝ። ማስጠንቀቂያ ሳይወጣ ለዘመድ መናገር ለእኛ ክልክል ነው። ግን አባባን ታውቂው የለ፣ ለዚያ ተዋጊ ዶሮው ነፍሱን ይሰጣል። ራዳሩን አየት አደረግሁ፤ በማዕበሉ ዓይን ዙሪያ ያለው የዝናብ ቀለበት ተቆራርጧል፣ ነፋሱም ቀንሷል። «እየደከመ ነው አባባ» አልኩት። «እንግዲያው ዶሮዬን ላምጣ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ዝናቡን በየከፍታው ስመለከት ክው አልኩ። ከውጭ በኩል ሌላ ሰፊ ቀለበት ሊገጥም ተቃርቧል። የውስጠኛው የፈረሰው ማዕበሉ ደክሞ ሳይሆን በትልቁ ሊተካ ነው፤ ከዚያ ነፋሱ ሰፍቶ እንደገና ይበረታል። ሦስት ዓመት ሙሉ የማጠናው ይህንኑ ነው እኮ፣ እትዬ! ሌላ ሰው ቢሳሳት እሺ።

ለአለቃዬ ነገርኩ፤ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ወጣ። አባባ ግን ስልክ አያነሳም። ለሰፈሩ ሊቀመንበር ለወይዘሮ ኦፌልያ ደወልኩ። «ይደክማል ብለህ የላክኸው አንተው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። አባቴን አምጡልኝ» አልኳቸው። ሞተር ብስክሌታቸው ሲነሳ ሰማሁ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

አራት ሰዓት ሙሉ ራዳሩ ላይ ያ ቀይ ቀለበት በሰፈራችን ሲያልፍ ቁጭ ብዬ አየሁ። በየስድስት ደቂቃው ቁጥር እመዘግባለሁ። አባቴን ገደልኩት እያልኩ።

በማግስቱ በእግሬ ወረድኩ። ከቤታችን የቀረው ደረጃው ብቻ ነው። አባባን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዶሮውን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ አገኘሁት። ወይዘሮ ኦፌልያ የደረሱበት ጣሪያውን በገመድ ሲያስር ነው አሉ። «የትኛውን ፖንሶ ልስማ? የቅድሙን ወይስ የአሁኑን?» ብሎ ሲሟገታቸው «የፈራውን ይስሙ!» ብለው ጎትተው አወረዱት። ጣቱም ያን ጊዜ ነው የተሰበረች።

ባለቤቴን ማሪቪክን በጣም ናፍቀሻታል፤ ሴት ልጄ ጉንጭሽን ትስማለች። አብረውሽ ለሚኖሩት ሴቶችም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባም ሰላም ይልሻል። ተሳስቻለሁ ብዬ እስካሁን ለእሱ አልነገርኩትም ነበር፤ ደብዳቤውን ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ይህንን ለእኔ ለመንገር በሆንግ ኮንግ በኩል መዞር ነበረብህ?» አለኝ።

ወንድምሽ ኢልዴፎንሶ (ፖንሶ)
ካታንዱዋኔስ ደሴት፣ ኖቬምበር 19 ቀን