«ልጅህ ናት» ስላሉት ቃል

ለተከበሩ አባቴ ለወንጌላዊ ሻንቆ፤
ጂንካ አካባቢ፣ ካሉበት የአገልግሎት ስፍራ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለጋሽ ኤልሳዕ ስለ እኔ የተናገሩትን አንድ ቃል እንዲያነሱልኝ ለመለመን ነው። ጉዳዩን ከሰላምታ በማስቀደሜ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ ድፍረቴ እንደሚከዳኝ ስለማውቅ ነው።

አሁን ሰላም ልበልዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ቆላው ተስማማዎት ወይ? ወባው ዳግመኛ እንዳልጎበኘዎ በጌታ ተስፋ አደርጋለሁ። የእማዬስ ዓይን ተሻለው? እኔ በሕይወት አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ግን አልጽፍልዎትም፤ በዚያ በሚቆራረጥ ስልክ ደጋግሜ ያልኩት ይበቃል።

ባለፈው ነሐሴ ወደ አገልግሎትዎ ከመመለስዎ በፊት ወደ ጋሽ ኤልሳዕ ቤት ይዘውኝ እንደሄዱ ያስታውሳሉ። ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ገሱባ የተቀመጥኩትን እኔን፣ ሶዶ ባለው ትምህርት ቤታቸው በባዮሎጂ መምህርትነት ሊቀጥሩኝ ፈቀዱ። የደመወዝን ነገር ሲያነሱ እርስዎ እጃቸውን ያዝ አድርገው፣ «ኤልሳዕ፣ ልጅህ ናት፤ አንተና እኔ ስለ ገንዘብ አንነጋገርም፤ የሰጠሃትን ትቀበላለች» አሉ። በእኛ አገር ሰው ለወንድሙ ከዚህ ሌላ ምን ይላል? እኔም አጠገብዎ አንገቴን ደፍቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያ ቃል ዛሬ መቆሚያ አሳጥቶኛል።

ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረው፣ በእምነት የሚባለው የኬሚስትሪ መምህር የእኔን ደመወዝ እጥፍ ይቀበላል። ትምህርታችን እኩል ነው፤ እንዲያውም የእኔ ክፍለ ጊዜ ይበዛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የጋሽ ኤልሳዕን ልጆች ቤታቸው ሄጄ አስጠናለሁ፤ ለቤት ልጅ ይህ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ዕለት በእንግዶቻቸው ፊት «ይህቺ ሦስተኛዋ ልጄ ናት» ብለው ከልጆቻቸው ጋር አስቀመጡኝ። ፍቅራቸው የእውነት ነው፤ ችግሬም ይኸው ነው። ቢጠሉኝ ኖሮ መከራከር አያቅተኝም ነበር። ጸሐፊዋ ሳህሊቱ ደመወዜን ስፈርም፣ «አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ፤ የኪስ ገንዘብሽን ነው የምትወስጂው» እያለች ትቀልድብኛለች። የተሰለፈው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቢሯቸው ገብቼ፣ የምጠይቀው ችሮታ ሳይሆን ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ መሆኑን በሥርዓት አስረዳኋቸው። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ልጅ ከአባቷ ጋር በደመወዝ ስትደራደር የት እንዳየሁ ጠየቁኝ። ቀጥለውም፣ «አባትሽ ምን ብሎ እንደሰጠኝ ረሳሽው? ሲቸግርሽ ‹ጋሼ፣ ቸገረኝ› በይኝ እንጂ» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። የላቤን ዋጋ ግን በልመና መቀበል አልቻልኩም።

ቀጥሎ የምጽፈውን ለእማዬ አይንገሯት። ኪራዬን ከፍዬ የሚተርፈኝ ወሩን አያደርሰኝም፤ ምሳ ከተውኩ ሰንብቻለሁ። ሰኞ ዕለት ስምንተኛ ክፍል እያስተማርኩ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅኩ። ጋሽ ኤልሳዕ ራሳቸው በመኪናቸው ኦቶና ሆስፒታል ወስደው፣ ካርድ አውጥተው፣ መድኃኒቱን ከፍለው አሳከሙኝ። ሐኪሙ መቼ እንደበላሁ ሲጠይቀኝ እርሳቸው አጠገቤ ቆመው ነበርና ይሉኝታ ያዘኝ፤ «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አልኩ። በማግስቱ በመምህራን የጠዋት ጸሎት ላይ ጾሜን ለሁሉም ምሳሌ አድርገው ተናገሩልኝ። ሁሉም «አሜን» አሉ። መምህር በእምነት ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ፣ ረሃቤ እንደ መንፈሳዊነት ሲመሰገን ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ እውነቱንም መናገር አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የሙከራ ጊዜዬ አልቆ የቋሚነት ውል ኅዳር 1 ቀን እንድፈርም ተነግሮኛል። ከፈረምኩ ደመወዜ እስከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ በዚሁ ይጸናል። አከራዬ ወይዘሮ ሰናይት ደግሞ ኪራይ ጨምረው፣ ካልቻልኩ ወር ሳይሞላ ቤቱን እንድለቅ ነግረውኛል። ቦዲቲ ያለ አንድ ትምህርት ቤት መምህርት እንደሚፈልግ ሰምቻለሁ፤ ሆኖም እንደ ልጅ ተሰጥቼ እንደ ሠራተኛ ጥያቸው ብወጣ በቤተ ክርስቲያን የሚነሳው የእርስዎ ስም ነው። «የሻንቆ ልጅ የበላችበትን ወጪት ሰበረች» ይባላል። ይህን ቋጠሮ እኔ ብፈታው ድፍረት ነው፤ ያሰሩት እርስዎ ነዎትና እርስዎ ቢፈቱት ግን ማንም አይቀየምም።

እማዬን አቅፈው ይሳሙልኝ። ወንድሜ ሚልክያስ ለፈተናው ይበርታ፤ የባዮሎጂ መጻሕፍቴን ይህን ደብዳቤ በያዘው በሾፌሩ በወንድም ዱባለ እጅ ልኬለታለሁ፤ ኅዳግ ላይ የጻፍኩትንም ያንብበው። ለእኅቴ ለናዝራዊት ቃል የገባሁላት ቀሚስ በዚህ ጊዜ እንዳልሆነልኝ ይንገሯት፤ ምክንያቱን አይንገሯት። አብረዋችሁ ለሚያገለግሉት ለአቶ ብሩና ለቤተሰባቸው ሰላምታዬ ይድረስ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፦ ጥቅምት 28 ቀን ሳያልፍ ወደ ከተማ ወጥተው ለጋሽ ኤልሳዕ ይደውሉላቸውና፣ ስለ ደመወዜ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ከእኔ ጋር እንዲነጋገሩ እርስዎ እንደፈቀዱ ይንገሯቸው። የገንዘቡን መጠን አያንሱ፤ አያማልዱኝ፤ መውደቄንም አይጥቀሱባቸው። የቀረውን እኔው እናገራለሁ። ቃልዎን ማጠፍ የማይሆንልዎ ከሆነም አልፈርድብዎትም። እስከዚያው ቀን ለእኔ ደውለው «አልሆነልኝም» ይበሉኝ፤ ኅዳር 1 ቀን ጠዋት ሳልፈርም የስንብት ማመልከቻዬን አስገባለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ኢየሩሳሌም ሻንቆ
ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.