እጅህን ያሳረፍክበት ቋጠሮ

ውድ ፈርጋሊ፣

«ውድ» ያልኩህ ለልማድ ነው ብዬ ልዋሽህ ነበር። ግን አሁንም ውድ ነህ፤ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ከረመዳን በፊት ወደብ ላይ ሳፋጥጥህ «ለአንተው ብዬ ነው» አልከኝ። አንተ በማግስቱ ወደ ቀይ ባሕር ወጣህ፤ እኔ እዚህ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። መልሱ አሁን መጥቶልኛል። ከእማማ ዘንድ ትቼልሃለሁ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

መቋጠር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የእማማን ሶፋ እግር የመረብ ከረጢት አድርገን፣ ዓሣው የሚጠራቀምበትን ጫፍ እንዴት እንደሚያስሩት ስታሳየኝ ትዝ ይልሃል? ቋጠሮው ባሕር ውስጥ ጥርቅም ይላል፣ መርከቡ ላይ ግን የገመዱን ጭራ ሳብ ሲያደርጓት ዓሣው ዝርግፍ ነው። «ገመዱን አርጥበው እንጂ! ደረቅ ገመድ ይከዳል» ትለኝ ነበር። «አይንህን ጨፍን! ማዕበል ሲመታህ ልታይ ነው እንዴ?» እማማ ደግሞ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «እናንተ፣ ሶፋዬን ባሕር ልታወርዱት ነው?» እያለች ትስቃለች።

ካፒቴኑ ራይስ ሸታ በአንተ ዋስትና ለልምምድ ሲቀበለኝ፣ በረዶ ስፈጭና ሽሪምፕ ከጭቃ ስለቅም እጄ ተላጠ። ግድ አልሰጠኝም። ከረጢቱን ራሴ የምቋጥርበትን ቀን ብቻ ነበር የምጠብቀው። ሞልቶ ከወጣ ባሕረኛ እባላለሁ፣ ምርጡ ዓሣም ለእናታችን ይሄዳል። ባዶ ከወጣ ግን ማንም መልሶ አያምነኝም።

ቀኑ ደረሰ። ገመዱን አረጠብኩ፣ ቋጠርኩ፣ በመዳፌ ሦስቴ መታሁትና «ቢስሚላህ» አልኩ። ከዚያ በኋላ መረቡ እስኪወጣ ማንም አይነካውም፤ ይሄንን ከጡት ጋር ነው የጠባነው። ወደ መረብ መጎተቻው ዊንች ስዞር አንተ ጎንበስ ብለህ እጅህን ቋጠሮው ላይ አሳረፍክ። ቀና ብለህም «ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ!» አልከኝ። ጅሉ እኔ፣ እየመረቅክልኝ መስሎኝ ደስታ ሊገድለኝ ነበር።

መረቡ ሲወጣ ከረጢቱ አፉን ከፍቶ ተንጠለጠለ። አንድ ሸርጣን እንኳ የለበትም።

«የማን እጅ ነው?» አለ ራይስ ሸታ።

«የኔ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

የዊንቹ ሰውዬ «አይዞህ፣ የጫማህንም ክር እናትህ ትሰርልህ!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ምግብ አብሳያችን አጎቴ በዲር ብቻ ድስቱ ላይ አቀረቀረ። አንተ ሳቅክ። ፈርጋሊ፣ አንተም ሳቅክ! ራይስ ግን ሳይቆጣኝ «ልጄ፣ የብስ ላይ ሥራ ፈልግ» አለኝ።

ፈለግሁ። ዳምየታ ከተማ ወንበር የሚሠራ ቤት ገባሁ። የማስረውን ሁሉ እፈታና እንደገና አስራለሁ፤ ጭነት በለው፣ የጫማ ክር በለው። «ሙስዓድ፣ ወንበር እኮ ነው፣ ዋኝቶ አያመልጥህም!» እያሉ መሳለቂያ አደረጉኝ። አንድ ቀን አጎቴ በዲር ለልጁ ሰርግ ወንበር ሊያዝ መጥቶ፣ አንዱን ገመድ ደጋግሜ ስፈታና ሳስር ሲያየኝ እንባው መጣ። «ያን ቀን ወንድምህ የቋጠሮህን ጭራ ሲስባት አይቻለሁ፤ በሁለት ወንድማማች መሃል ምን ብዬ ልግባ ብዬ አፌን ያዝኩ» አለኝ።

ወደብ ላይ ሳፋጥጥህ አንተ ደግሞ «ሁለታችን በአንድ ጀልባ ሆነን ጀልባዋ ብትሰምጥ እማማ ማን ይቀራታል?» አልከኝ። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ አፍ የለህም? «ሌላ ጀልባ ፈልግ» ብትለኝ እፈልግ ነበር። በጥፊ ብትለኝ እንኳ እሰማህ ነበር። አንተ ግን በገዛ እጄ እንዳላምን አደረግከኝ፣ ራስህ ባስተማርከው እጅ! ከባሕር ላድንህ ብለህ በሰው ፊት አሰጠምከኝ፣ ከዚያም አብረህ ሳቅክ። እሱን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

አጎቴ በዲር ለሌላ ካፒቴን ነግሮልኝ ተቀጥሬያለሁ። ቋጥሬ ፈታሁ፣ እንደገና ቋጠርኩ። መረቡ እስኪወርድ አጠገቡ ተገትሬ ማንንም አላስጠጋሁም። ሞልቶ ወጣ፣ ፈርጋሊ! ምርጡን ዓሣ ለእማማ ወሰድኩላት። እሷም እየጠበሰች «ፈርጋሊ አይደል ያስተማረህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ያደረግከውን አልነገርኳትም። ሁለት ልጆች አሏት፣ ሁለት ይቅሩላት።

ስትመለስ ጀልባዎቻችን ጎን ለጎን መቆማቸው አይቀርም። ያኔ ገመድ ትወረውርልኛለህ፣ እኔም እቀበልሃለሁ፤ ሥራዬ ነው። አጥብቄ አስርልሃለሁ፣ አይፈታም። አንተ ግን እኔ ባሰርኩት ላይ እጅህን አታሳርፍ።

ወንድምህ፣
ባሕረኛው ሙስዓድ