ባህር ዛፍ የሚሸተው ወይን

ሰኞ፣ የቅድስት ሳምንት፣ 8 ሰዓት ተኩል

ዛሬም ተፋሁ። ወይኑን አሸተትኩ፣ ተጎነጨሁ፣ አፌ ውስጥ አመላለስኩት፣ ባልዲው ላይ ተፋሁ። ጾም የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት። ክሬግ ሠራተኛውን ለቅምሻ የሚሰበስበው ስምንት ሰዓት። አንድ ሰዓት ብቻ ግፋልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። የምግብ ቤቱ ማናጀር ነው፣ ፈገግ ይላል፣ አይገፋም።

የዛሬው ከአውስትራሊያ። አንድ ትንሽ የቤተሰብ ወይን ጠማቂ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆዩ የወይን ግንዶች የሠራው ሺራዝ የሚባል ቀይ ወይን፣ ሌላ ዓይነት ወይን ትንሽ የተቀላቀለበት። በጣም ውድ። ክሬግ ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ይዞራል። ወይኑ ምን ምን እንደሚሸት በቃላችን የምንይዝበት ካርድም አብሮ መጥቷል፦ ብላክቤሪ፣ ሊኮሪስ የሚሉት ጣፋጭ ሥር፣ የሲጋር ሣጥን። ደብተሬ፣ እኔ በሕይወቴ የሲጋር ሣጥን አሽትቼ አላውቅም። የሸተተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባህር ዛፍ። ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ ብርድ ልብስ ደርበውብኝ በእንፋሎቱ የሚያጥኑኝ ቅጠል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ጉንፋን የሚጠጣ ማን ነው? ለክሬግ ነገርኩት። ካርዱ ላይ የለም አለኝ።

እሺ፣ ካርዱን እይዛለሁ። የወይን ኃላፊው ከለቀቀ ወዲህ ቦታው ክፍት ነው። ስድስት ዓመት ሳህን ተሸክሜያለሁ፣ ወገቤ በቃኝ ብሏል። ወይን ጠማቂው ራሱ እዚህ ዴንቨር ሊመጣ ነው። ለእሱ በሚደረገው እራት ላይ ወይኑን ለእንግዶች የማስተዋውቀው እኔ ነኝ። ካማረልኝ ቦታው የእኔ።

ረቡዕ፣ የዕረፍት ቀኔ

እማማ ጽጌ አሸተቱኝ።

የግርማ እናት ናቸው፣ የባለቤቴ። ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ፣ ዴንቨር ዳር ኦሮራ፣ ከተቀመጡ ሁለት ወር ሆናቸው። ትናንት ከሥራ ስገባ ሊስሙኝ ተጠጉ። ቆም አሉ። ሳይስሙኝ ተመለሱ። ዛሬ ደግሞ የሠራሁትን ምስር ወጥ ዘጠኝ ሰዓት አልፎም አልነኩትም። አሞኛል አሉ። አላመማቸውም።

ግርማን ጓዳ ጎትቼ ጠየቅኩት። ራሱን አከከ። ከዚያ ወጣለት። እናቱን፣ ገና ሳይመጡ በስልክ፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው ብሏቸዋል። ሆስፒታል። ለምን? ምግብ ቤት ወይን ትቀዳለች ቢላቸው ቡና ቤት ስለሚመስላቸው። እሺ አሁንስ ምን ይመስላቸዋል? ጥቁር ልብስ አስለብሶ፣ ከንፈር አስቀብቶ፣ በዐቢይ ጾም ወይን ወይን እየሸተተች ወደ ቤት የሚልክ ምን ዓይነት ሆስፒታል ነው?

እኔው ልንገራቸው አልኩ። ተይ፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ አለ። ከዚያ ኤርፖርት ሰው ልጭን ብሎ ወጣ። ሲጨንቀው ሁሌ ኤርፖርት ነው። ቀስ ማለቱን ግን ይችልበታል።

እሑድ፣ ምኩራብ

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ያዝኳቸው። ቀምሶ መትፋት ጾም ያስገድፋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ትውጪዋለሽ? አሉ። አልውጥም አልኩ። ይጥምሻል? እንደ ቀኑ ነው አልኩ። ሳቁ። ወጥ የምትሠራም እኮ ጨው ትቀምሳለች አሉ። ተመስገን ብዬ ልሄድ ስል፣ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢሆን መልካም ነበር አሉኝ። ዞሬ ዞሬ ክሬግ ጋ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። እማማ ከአባ ጋር ስነጋገር ከሩቅ አይተውኛል። መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር ሆነው ለግርማ፣ ንስሐ መግባቷ ደግ ነው አሉት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ። እንደሌለሁ። ግርማም አዎ አለ።

አዎ አለ፣ ደብተሬ።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ተናድጃለሁ። ብራያን፣ ከእኔ ጋር የሚያስተናግደው ልጅ፣ ካርዱን በአንድ ቀን ሸምድዶ ያንበለብለዋል። ወይኑን ሲቀዳ ግን አበባ የሚያጠጣ ይመስላል። ክሬግ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ ቤቴ ገብቼ መታጠቢያውን ዘግቼ ሊኮሪስ፣ ሊኮሪስ እላለሁ። እማማ ጸሎት መስሏቸው ኮቴያቸውን አጥፍተው አለፉ። ግርማ እስካሁን አልነገራቸውም። ጥሩ ሰዓት እየጠበቀ ነው።

እሑድ፣ መፃጉዕ

የትናንቱ እራት። ትኩሱን ልጻፈው።

ወይን ጠማቂው አለን ይባላል። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ እጁ የገበሬ፣ ኮቱ የተውሶ የሚመስል። እኔ ካርዱን እንደ ውዳሴ ማርያም አንድም ሳልስት ደገምኩት። ክሬግ ፊቱ በራ። በዚያ ብቆም ምን ነበረበት? አንዲት እንግዳ፣ ጨዋ ሴትዮ፣ እሱ ካርዱ ነው፣ ለአንቺስ ምን ይሸትሻል አለችኝ። ክሬግ አፈጠጠብኝ። አፌ አልታዘዘኝም።

«ባህር ዛፍ» አልኩ።

ጠረጴዛው በሙሉ ብርጭቆ አነሳ። አሸተቱ። አዎ፣ እውነትም፣ ማለት ጀመሩ። ደስ አላቸው። አለን ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ። አንገቱ ድረስ ቀላ።

በኋላ ብርጭቆ የምወለውልበት ድረስ መጣ። የወይን ማሳው ዳር ባህር ዛፎች እንዳሉ ነገረኝ፤ ከቅጠሉ የሚተነው ዘይት ፍሬው ላይ ያርፋል። ያንን ሽታ ለመደበቅ ዓመት ሙሉ ይለፋል፣ ሌላውን ወይን የሚቀላቅለውም ለዚሁ ነው። ልጁ ዛፎቹ ይቆረጡ ይላል። የተከለቻቸው የአለን ሚስት ናት፣ ሞታለች፣ አይቆርጣቸውም።

«አፍንጫሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «ጊዜ አመራረጥሽ ግን አይደለም።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። ምንም አይደለም አላለኝም። ልጁ አብሮት መጥቶ ይህን ባለመስማቱ ብቻ ተመስገን አለ።

ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

ቦታው ለብራያን ተሰጠ። ክሬግ ለጊዜው ነው ይላል። እንግዳ በገዛ እራቱ ላይ አሳፍረሻል አለኝ። እንግዳዋ ጠየቀችኝ እኮ። እሱን አልሰማም። ራሴን አሞኛል ብዬ ሺፍቴን ትቼ ወጣሁ። ኮልፋክስ ጎዳናን ከጫፍ ጫፍ በአውቶቡስ፣ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ።

ቤት እማማ ብቻቸውን ነበሩ። ሰላም ብዬ ቀጥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፣ ዕንባዬ ሰበብ እንዲያገኝ። አልተሸወዱም። አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«በሽተኛ ሞተብሽ?» አሉኝ፣ በቀስታ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ሆስፒታል የለም እማማ አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ምግብ ቤቱን፣ ቅምሻውን፣ ባልዲውን፣ ያጣሁትን ቦታ።

«መትፋትሽን ማን ያያል?»

«እግዜርና ክሬግ» አልኩ።

ሳቃቸው መጣ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። ወይኑ አይደለም አሉ። እዚህ ቤት ሁላችሁም በእንግሊዝኛ በላዬ ላይ ታወራላችሁ፣ እኔ አንዱንም አላውቅ። ሽታ ብቻ ቀረልኝ፣ ባገኘሁት ሽታ ፈረድኩ። ቀጥለውም፦

«ልጄ ያፈረው በአንቺ ነው በእኔ?»

ግርማ ሲገባ ሁለታችን ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ቁጭ በል አሉት። ያንኑ ጥያቄ ለእሱ ደገሙለት። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በራሴ፣ አለ። እናት ልጇን አስተምራ፣ እሱ መኪና እየነዳ፣ ሚስቱ ሳህን እያመላለሰች፤ ቢያንስ አንዱን ሥራ ከፍ ላድርግላት ብሎ ነው። እኔን ነው ዝቅ ያደረግከኝ አልኩት። አቀረቀረ። አላዘንኩለትም። ትንሽ ብቻ።

እንግዲህ ወስኛለሁ። አንደኛ፣ እስከ ፋሲካ የስምንት ሰዓት ቅምሻ የለም። ክሬግ ካልተመቸው ብራያን ይቅመስለት። የወይኑን ትምህርት ግን አልተውም፣ ለወይን ባለሙያነት ፈተና እመዘገባለሁ፤ አፍንጫዬን ካርድ አልሰጠኝም፣ ካርድ አይነሳኝም። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግርማ እናቱን ይዞ ይመጣል። በዋናው በር። የሚያዙት የጾም ምግብ ነው፣ የማስተናግዳቸው እኔ ነኝ። ክሬግ ማናቸው ካለኝ አማቴ ናቸው እለዋለሁ። ግርማም እዚያው ቁጭ ብሎ ለእናቱ ሁሉን ነገር ቃል በቃል ያስተረጉማል፣ አንድም ሳያስቀር፣ ሳያሳምር።

እማማ ከመኝታ ቤት እየጠሩኝ ነው። ቅዳሜ የምለብሰውን ነይና ምረጪልኝ ይላሉ፣ የሐበሻው ይሻላል ወይስ ሹራቡ። መጣሁ እማማ።