በጀልባ ላይ ብድግ አይባልም

መካኒሳ አቦ
ግንቦት 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሁልጊዜ ያለህበት አገር ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል ብዬ ነበር የምጀምረው፤ ዛሬ ሙቀቱን ልተወው። እኛ ከጉልበት ሕመምና ከኑሮ መወደድ በቀር ምንም አልሆንንም፣ ተመስገን ነው። እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችም፤ መጻፌንም አታውቅም።

ደክሞኛል አባዬ። ፊደሌ ቢወላገድ መዳፌ ተልጦ ነው፤ የላጠኝም ገመድ ነው። ምን ገመድ ትል ይሆናል። ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ደግነቱ ደብዳቤ ስለሆነ ተቆጥተህ አታቋርጠኝም።

አምና በላክኸው ደብዳቤ፣ ባሕር ኃይላችን ተበትኖ የመን ከቀረን ወዲህ ማን ያሻግረን፣ በመካከላችን ባሕር አለ ብለህ አልነበር? እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፤ ባሕር ካለ ጀልባ አለ አልኩ። ላፍቶ ሹራብ በምሠራበት ቤት ደንበኛ የሆኑ አንድ ፈረንጅ ኢንጂነር አሉ፤ ደብረ ዘይት ሐይቅ ላይ በሸራ የሚሄድ ጀልባ አላቸው። ጅቡቲ ያለ ወዳጃቸው በጀልባው ወደ የመኗ ኤደን ሲሻገር ረዳት እንደሚፈልግ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ረዳት ለመሆን ግን ሃያ ጊዜ ሐይቅ ላይ ወጥቶ መሥራት፣ ይህንንም የሚመሰክር ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። እርሳቸው የራሳቸው ረዳት ስላላቸው፣ ሐይቁ ላይ ያሉትን ሌሎች ባለጀልባዎች ሞክሪ አሉኝ። ሃያ ጊዜ ምን አላት ብዬ ተነሳሁ።

ምን አላት ያልኳት፣ አንዷ እንኳ አልገኝ አለች። እሑድ እሑድ ለእማዬ ጠበል ነው የምሄደው እያልኩ፣ ከሳሪስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐይቁ ዳር ቆሜ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ሠርተሽ ታውቂያለሽ ይሉኛል። አላውቅም ስል የሚያውቅ ነው የምንፈልገው ይላሉ። ማንም ሳይወስደኝ ከየት ልወቀው? ሰባት እሑድ እንዲሁ ተመለስኩ። በስምንተኛው የጀልባዎቹ ጠባቂ ሁንዴሳ አዘነልኝ። እዚህ ለምኖ ያገኘ የለም አለኝ። ማልደሽ ነይ፣ ምሳሽን ያዢ፣ ጀልባ እጠቢ፣ ሸራ እጠፊ፤ ቅዳሜ ሲጠጣ ያመሸ ረዳት እሑድ መቅረቱ አይቀርም፣ ያኔ ዓይናቸው የሚያርፈው ቅርብ ባለው ሰው ላይ ነው አለኝ። እውነቱን ነበር። በአራተኛው ሳምንት የኢንጂነሩ ረዳት ቀረ፣ እኔም ተጠራሁ።

ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የሸራውን ገመድ አስያዙኝ። ልንነሳ ስንል፣ ጀልባውን የሚጠግኑ ጋሽ ጉርሜሳ የሚባሉ ሽማግሌ ሥራቸውን ውኃው ላይ ሊያዩ መጡ። አባዬ፣ እንዴት አድርገህ እንዳሳደግከኝ ታውቃለህ። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ያላለ ልጅ አንተ ቤት እራት አይበላም ነበር። እግራቸው ጀልባውን እንደነካ ኖር ብዬ ብድግ አልኩ። እርሳቸውም በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጪ ልጄ እያሉ ሊያስቀምጡኝ ወደ እኔ ወገን መጡ። ፈረንጁ ከኋላ ይጮኻል፤ ማን ይስማው። ሦስታችንም ከነይሉኝታችን ውኃ ውስጥ ገባን።

ሁንዴሳ በረጅም እንጨት እየጎተተ አወጣን። ኢንጂነሩ ሸሚዛቸውን እየጨመቁ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ በጀልባ ላይ ክብር የለም፣ በጀልባ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው ያለው አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዞር ብለው አላዩኝም። እኔ ግን ጀልባቸውን ማጠቤን አልተውኩም። ቤት ውስጥም ሰው ሲገባ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ መቀመጥ ተለማመድኩ። ጎረቤታችን እትዬ ማናዬ ይቺ ልጅ ጠገበች አሉ፤ እማዬ በእኔ አፈረች። የማንንም ስድብ የቻልኩት ለአንተ ስል ነበር።

በኋላ የኢንጂነሩ ረዳት አገሩ ገባና ሰው አጡ። ነይ፣ ግን አትነሺ አሉኝ። በወጣሁ ቁጥር ደብተራቸው ላይ ይፈርሙልኛል። አሥራ ዘጠኝ ደረስኩ። ትናንት ሃያኛዬ ነበር።

ትናንት ጋሽ ጉርሜሳ እንደገና ሊሳፈሩ መጡ። አንገቴን ደፍቼ ጤና ይስጥልኝ አልኩ እንጂ ከመቀመጫዬ ንቅንቅ አላልኩም። ሳቁ፤ አሁን መርከበኛ ሆንሽ አሉኝ። መሐል ሐይቅ ስንደርስ፣ አንቺ ልጅ ምን ፍለጋ ነው እንዲህ የምትለፊው ብለው ጠየቁኝ። አባቴ ባሕር ኃይል ነበር፣ የመን ቀርቶብኝ ነው አልኩ። ስምህን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። የምን የመን፣ ምጽዋ አንድ መርከብ ላይ ነበርን፣ በሰማንያ አምስትም ከየመን በአንድ አውሮፕላን ነው የተመለስነው አሉ። ባለፈው ጥር ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ባለው ቤቱ የልጁን ክርስትና አብልቶናል አሉ። ወንድምሽ መቀመጥ ጀመረ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ልክ ያን ጊዜ ነፋሱ ዞረ። ገመዱ እጄ ውስጥ ሮጠ። መዳፌ የተላጠው ያኔ ነው፤ አልለቀቅኩትም። ብድግ ብዬ መጮኽ አምሮኝ ነበር፣ ግን ተቀመጥኩ። ጋሽ ጉርሜሳ ፊቴን አይተው ወሬያቸውን አቋረጡ። ዳር ስንደርስ ኢንጂነሩ ወረቀቴን ፈርመው ሰጡኝና ጎበዝ አሉኝ። አለቀስኩ። የደስታ መሰላቸው።

አሁን ሳስበው ደብዳቤዎችህ ቴምብር ኖሯቸው አያውቅም። ከመንገደኛ ጋር ላክሁ ትላለህ። ወረቀቱም እዚህ ሱቅ ከሚሸጠው ደብተር የተቀደደ ነው፤ የእኛ ደብተር የመን ድረስ ይሸጣል እንዴ ብዬ ተደንቄ ነበር። ሞኝ ነኝ አላልኩህም?

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። እጄን አይታ ቅቤ ቀባችልኝ፤ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም። አንድ ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ ከልቤ አልወጣ ብሏል። ለሀና ማርያም ንግሥ መሄድ ከተወች ሁለት ዓመቷ ነው። ጉልበቴ ነው ትላለች። በዚያው ጉልበቷ እንጦጦ ማርያም ትወጣለች። ያንን ደብዳቤህን ሳነብላትም፣ በመካከላችን ባሕር አለ ያልክበት ላይ ስደርስ፣ እስቲ እሷን ድገሚልኝ እያለች ሦስት ቀን አስነብባኛለች።

ወረቀቴን ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። ጅቡቲ ጉዳይ የለኝም። ኢንጂነሩ ግን ቋሚ ረዳታቸው አድርገውኛል፣ እሑድ ወደ ሐይቁ እመለሳለሁ፤ ይህ የራሴ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመንገደኛ አልሰጥም። ከላፍቶ ሀና ማርያም ታክሲ አለ፤ በሰማያዊው በር ሥር አስገብቼው እመለሳለሁ። አላንኳኳም።

ሕፃኑን እግዜር ያሳድገው፣ እርሱ ምን አጠፋ። ለአንተም ዕድሜ ይስጥህ። እቤት ብትመጣ በሩ አይዘጋብህም። እማዬ ስታይህ ብድግ ትል ይሆናል፤ እሷ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። እኔን ግን ተቀምጬ ነው የምታገኘኝ።

ባሕር ሳይኖር የራቅኻት
ልጅህ